ውጤት እስኪመጣ የቀመስኩት

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን ስጽፍ አላፍርም፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቀዋል። እዚህ አሜሪካ፣ ላንድማርክ በሚባለው ሰፈር ባለው ሕንፃችን ውስጥ አሥራ ሦስት ዓመት ስኖር ኤሌቬተር ውስጥ ብቻዬን ገብቼ አላውቅም። ሰው እስኪመጣ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ሰው ከጠፋ ሰባቱን ፎቅ በእግሬ እወጣዋለሁ። መስኮት ያለው ፖስታ፣ የመንግሥት ወይም የክፍያ ደብዳቤ የሚመጣበት፣ ከመጣ አልከፍተውም፤ ልጄ እስክትመጣ ማቀዝቀዣው አናት ላይ ቁጭ ብሎ ያፈጥብኛል። መኪና አልነዳም፤ ግን የተሳፈርኩበትን አውቶቡስ ፖሊስ ከተከተለው እኔን የሚፈልግ ይመስለኛል። ምን አጥፍተሽ ብትሉኝ ምንም። እሱን ለፍርሃቴ ንገሩልኝ።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። አማርኛ አነባለሁ፤ እንደምታዩት እጽፋለሁም። እንግሊዝኛ ግን ቁጥሩንና የአውቶቡሱን ስም ነው የምለየው። የምሠራው ሆቴል ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው፤ እዚያ ብዙ ንግግር አያስፈልግም። ፎጣ ከድራየር፣ ከማድረቂያው ማሽን ማውጣት፣ ማጣጠፍ፣ መደርደር፣ በቃ።

ዛሬ የምጽፈው ባለፈው ግንቦት ስላሳለፍኩት አሥር ቀን ነው።

የጡት ራጅ ተነስቼ ነበር፣ በየዓመቱ እንደሚደረገው። በሳምንቱ ደውለው ተመለሺ አሉኝ። ተመለስኩ። እንደገና ራጅ አነሱኝ፤ ከዚያ አጋድመው በመርፌ ከጡቴ ናሙና ወሰዱ። ክሊኒኩ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ልጄ እዚያ ስለምትኖር እሷ ናት ያስያዘችኝ። አንድ ልጅ ናት ያለችኝ። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ እዚህ አገር ስትመጣ አሥራ አንድ ነበረች። አስተርጓሚ በስልክ እናቅርብልሽ ብለውኝ ነበር። ልጄ አለች፣ ምን ያደርግልኛል አልኩ።

ሐኪሟ ለረጅም ጊዜ ተናገረች። በእጇ እያሳየች፣ ወረቀት ላይ ክብ እየሳለች። ልጄ ራሷን እየነቀነቀች ሰማቻትና ወደ እኔ ዞረች።

«ማም፣ ቼክ ያደርጉታል። አንድ ሳምንት፣ ምናልባት አሥር ቀን። ዶንት ዎሪ።»

ያ ሁሉ ንግግር ይህችን ብቻ ወጣው? የቀረውስ የት ገባ?

ለምን እንዲህ እንዳሰብኩ ልንገራችሁ። አባቴ አገር ቤት ሲያርፉ ለእኔ የተነገረኝ በሰባተኛው ወር ነው። ሰባት ወር ሙሉ እደውላለሁ። «አባባስ?» እላለሁ። «ተኝተዋል» ይሉኛል። «ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል።» «ጸበል ገብተዋል፣ ስልክ አይዙም።» እህቴማ «ሰላም በሉልኝ ብለዋል» ብላኛለች፤ ተዝካራቸውን አውጥታ ስታበቃ! ከዚያ አንድ እሁድ ማለዳ፣ ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ስድስት ሰው ነጠላውን ለብሶ ኮሪደሩን ሞልቶታል። አንዷ ዳቦ ይዛለች። «ቁርስ በልተሻል?» አለችኝ። ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ገባኝ። ጎረቤቶቼ እኔን ያነሡት ከመሬት ነው።

አልፈርድባቸውም፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ስንት ሰው በር ላይ ማለዳ ቆሜያለሁ። ሥርዓቱን በደንብ አውቀዋለሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ወደ ሥራ በሚሄድበት ቀን አይነገርም። እህል ያልቀመሰ ሰው አይነገረውም። ማለዳ ተሰባስቦ ነው የሚኬደው፤ መጀመሪያም «ትንሽ አሟቸው ነበር፣ አሁን ደህና ናቸው» ይባላል። ለታማሚውም እንደዚያው ነው። ለእሱ «ቀላል ነው» ይባላል፤ እውነቱ ለዘመድ ነው የሚነገር።

እና አሁን በሐኪሟ አፍና በእኔ ጆሮ መሃል የገዛ ልጄ ቆማለች።

በማግስቱ ወደ ሥራ ሄድኩ። ቤት ብቀመጥ ምን ላደርግ? ከአውቶቡሱ ወርጄ ወደ ሆቴሉ በእግሬ ስሄድ አንድ ዛፍ አለ፣ አጥር ተደግፎ የቆመ። ግንቦት ሲጋመስ እንጆሪ የሚመስል፣ ረዘም ያለ ጥቁር ፍሬ ያረግፋል፤ መንገዱ ቀለም የተደፋበት ይመስላል። አሥራ ሦስት ዓመት ጫማዬን እንዳያበላሽብኝ ዞሬው ነው የማልፈው። መርዝ ቢሆንስ? የሰው ንብረት ቢሆንስ? ካሜራ ቢኖርስ?

ያን ቀን ግን ቆምኩ። «ከእንግዲህ እኔን ምን ያስፈራኛል?» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ፤ ውሻ የምታንሸራሽር ሴትዮ ዞራ አየችኝ። ቅርንጫፉን ሳብ አደረግኩና አንዷን ቀጥፌ አፌ ውስጥ ከተትኳት።

መጀመሪያ ምንም የላትም፣ ውሃ ናት። ቀጥሎ ጣፋጩ ይመጣል። መጨረሻ ላይ፣ ጥርስ ሥር፣ ኮምጠጥ ትላለች። ፀሐይ መቷት ስለነበር ሞቅ ብላለች። ሞቃት ፍሬ በልቼ አላውቅም ነበር፤ እዚህ አገር ፍሬ ሁሉ ከማቀዝቀዣ ነው የሚወጣው። ሁለተኛ ደገምኩ፣ ሦስተኛ፤ ከዚያ ቆጠራውን ተውኩት። ጣቶቼ እስከ መዳፌ ጠቆሩ። የሥራ መግቢያ ሰዓቴን ያሳለፍኩት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው፣ አምስት ደቂቃ። ምንም ያለኝ ሰው አልነበረም።

እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ ትልቁ ፍርሃት ሲገባ ትንንሾቹ መቀመጫ አጡ። አንድ በአንድ ሹልክ እያሉ ወጡ።

እሁድ ልጄ ምሳ ጋበዘችኝ። ከኪንግ ስትሪት ጣቢያ ቢጫውን መስመር ባቡር ተሳፈርኩ። ይህ ባቡር ከመሬት በታች ሲሄድ ቆይቶ ድንገት ወጥቶ ትልቁን ወንዝ በድልድይ ያቋርጣል። እኔ እዚያ ስንደርስ ዓይኔን ጨፍኜ «አቤቱ አቤቱ» ማለት ልማዴ ነው። በዚያ ቀን ሳልጨፍን ቀረሁ። ብርሃኑ በመስኮቱ በሁለቱም በኩል ገብቶ ጉልበቴ ላይ፣ ቦርሳዬ ላይ፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሽማግሌ ባርኔጣ ላይ ፈሰሰ። ወንዙ ቡናማ ነው፤ ላዩ ላይ ግን ብር ይረጭበታል። ነጭ ሸራ ያላት ጀልባ አየሁ። ፀሐዩ ጉንጬን በመስታወቱ ውስጥ ሲያሞቀው፣ አንድ ሰው መዳፉን ያሳረፈብኝ መሰለኝ። ከዚያ ባቡሩ ተመልሶ ጨለማ ውስጥ ገባ። ይህን ያህል ዓመት ዓይኔን ጨፍኜ ያለፍኩት ይህን ነው? ብዬ ተናደድኩ። በራሴ ላይ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም።

ልጄ ቤት ደግሞ ሌላ ነገር ጠበቀኝ። ከበላን በኋላ ልጄ ተነስታ ሳህን አጠበች። ሳልነግራት! ማጠብ ብቻ አይደለም፣ አደረቀችው። ከዚያ መጥታ አቀፈችኝና «አይ ላቭ ዩ ማም» አለችኝ።

«ምን ሰማሽ?» አልኳት።

«ምን?»

«ከሐኪሟ። ምን ሰማሽ?»

«ናቲንግ! ሪዘልቱ አልመጣም። ማም፣ ሳህን ነው ያጠብኩት።»

«አጥበሽ አታውቂማ።»

«ኦ ማይ ጋድ» ብላ ሶፋው ላይ ተዘረጋች። እኔ ግን በመልሱ ባቡር ላይ ሳህኑን እያሰብኩ ነው የሄድኩት። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ብቻ ነው የረሳሁት።

በዚያ ሳምንት በየቀኑ አንድ ነገር አገኝ ነበር። ፈልጌው አይደለም፤ እየመጣ ይገጥመኛል። ፎጣውን ልንገራችሁ። ድራየሩ ሲጮህ በሩን ከፍቼ ፎጣውን ወደ ጋሪ እገለብጣለሁ፣ አጣጥፋለሁ። ሱፐርቫይዘሯ ታየኛለች ብዬ ቀና አልልም። ማክሰኞ ዕለት ግን አንዱን ትልቅ ነጭ ፎጣ አነሣሁና ፊቴን ቀበርኩበት። ሙቀቱ እስከ ጆሮዬ ድረስ ገባ። ሽታው የሳሙና እንዳይመስላችሁ፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ድንጋይ ነው የሚሸተው። በውስጡ ሆኜ ትንፋሼን ሰማሁት። «አለሁ» አልኩ ፎጣው ውስጥ።

ቀና ስል አብራኝ የምትሠራው የሳልቫዶር ሴት እያየችኝ ነው። እሷና እኔ የጋራ ቋንቋ የለንም፤ አሥራ አንድ ዓመት በጣትና በቅንድብ ነው የተግባባነው። ጮክ ብላ ሳቀች። ከዚያ አንድ ፎጣ አንስታ እሷም ፊቷን ቀበረችበት፤ ቶሎም አልወጣችም። ለካ እሷም የራሷ ነገር አለባት። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ማጣጠፋችንን ቀጠልን።

ማንም አላወቀም ነበር፣ ልጄ ብቻ። የኛ ሰው ሕመሙን አያወራም፤ እኔም አላወራሁም። ግን በእኛው ፎቅ የሚኖሩ እትዬ አሉ፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ለሁላችንም እናት የሆኑ ሴት። ረቡዕ ከሥራ ስመለስ ኤሌቬተሩ ጋ ሰው ስጠብቅ መጡ። «እንደምን ዋሉ እትዬ?» ብዬ አፌን ስከፍት ደነገጡ።

«አንቺ! ምላስሽን ምን ነካው?»

«ምን ሆነ?»

«ጠቁሯል'ኮ! ከንፈርሽም! ልብ ድካም ነው እንዴ? እስቲ ተንፍሺ።»

«ፍሬ በልቼ ነው እትዬ።»

«ምን ዓይነት ፍሬ?»

«መንገድ ላይ ያለ ዛፍ አለ…»

«መንገድ ላይ! ውሻ የሚሸናበትን?»

«ከላይ ነው የቀጠፍኩት፣ ከቅርንጫፉ።»

«አንቺ ነሽ ይህን ያደረግሽው? ኤሌቬተር የምትፈሪው ሴትዮ?» አሉና ወደ ውስጥ ገቡ። ተከትያቸው ገባሁ። እስከ ሰባተኛ ፎቅ ድረስ ከላይ እስከ ታች ሲያዩኝ ቆዩ። ልንወጣ ስንል፣ «ነገ አምጪልኝ፣ ልቅመሰው» አሉ፤ «ካጠብሽው።»

ሐሙስ በትንሽ ዕቃ ይዤላቸው መጣሁ። የመስታወቱን በር ከፍተው በረንዳው ላይ አስቀመጡኝ፤ አንድ ባንድ እየበሉ ዘሩን የሚፈልጉ ይመስል በምላሳቸው ሲያገላብጡት አየኋቸው። ያን ጊዜ ዝናብ መጣ። ቀኑን ሙሉ የጋለው የመኪና ማቆሚያ አስፋልት እንፋሎቱን ወደ ላይ ላከው። እኔ መብረቅ ስለምፈራ ዝናብ ሲመጣ ወደ ውስጥ እገባ ነበር። ቁጭ አልኩ። ጠብታው በነፋስ እየተገፋ እግሬን ሲነካኝ ነጠላ ጫማዬን አወለቅኩ።

«ምነው? ምን ሆነሻል በዚህ ሰሞን?» አሉኝ እትዬ። «ደስ ያለሽ ነው ወይስ የከፋሽ? መለየት አቃተኝ።»

«እኔም አቅቶኛል» አልኳቸው። እውነቴን ነበር። ሌላ አልጠየቁኝም፤ የፍሬውን ዕቃ ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።

በአሥረኛው ቀን፣ እሁድ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ በሬ ተንኳኳ።

እሁድ። ማለዳ። በባዶ እግሬ ሄጄ በበሩ ቀዳዳ አየሁ። ልጄ ናት፤ እሁድ ከአራት ሰዓት በፊት ከአልጋ ወርዳ የማታውቀው ልጄ። ከአጠገቧ እትዬ ቆመዋል፤ ነጠላ ለብሰዋል። በእጃቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ አለ።

በሩን ተደግፌ ተንሸራትቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

«ማም? ክፈቺ።»

በሩን በጀርባዬ ይበልጥ ገፋሁት።

«ማም፣ ሰማሁሽ'ኮ። ክፈቺ!»

«እዚያው ሆናችሁ ንገሩኝ» አልኩ።

«አይ፣ በር ዘግቶ ምን ጨዋታ ነው?» አሉ እትዬ። ቀጥለውም አነጋገራቸውን አለስልሰው፣ «ቁርስ በልተሻል የኔ እናት?» አሉኝ።

በዚያች ቃል አለቀልኝ። እሪ አልኩ። የጮህኩትን ጩኸት ከአባቴ መርዶ ወዲህ ጮኼው አላውቅም። ፊት ለፊት ያለው በር ተከፈተ፤ ሰው «አር ዩ ኦኬ?» ሲል ሰማሁ። ልጄ በሩን እየደበደበች እሷም ማልቀስ ጀመረች።

«ማም! ምንም የለሽም! ካንሰር የለም! ኖ ካንሰር! ለምንድነው የምታለቅሽው?»

እትዬ በዚህ መሃል እልል አሉ። ኮሪደሩ አስተጋባ። ያ «አር ዩ ኦኬ» ያለው ሰው በሩን ዘጋ።

በመጨረሻ ከፈትኩላቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። ውጤቱ ቅዳሜ በልጄ ስልክ ገብቷል። በስልክ ከምነግራት ሄጄ ፊቷን እያየሁ ልንገራት ብላ፣ ሳልነሣ ልትደርስ ማልዳ ነድታ መጣች። እትዬ ደግሞ ወደ ቅዳሴ ሊሄዱ፣ የሰንበቴውን ዳቦ ይዘው ሲወርዱ ኤሌቬተሩ ጋ ተገናኙ። ልጄ ደስታውን መያዝ አቅቷት ነገረቻቸው። እሳቸውም ዳቦውን እንደያዙ ተመለሱ። «ቁርስ በልተሻል» ያሉት ዳቦውን ሊቆርሱልኝ ነው።

«እንዲህ ተደርጎ ነው እንዴ ደስታ የሚነገረው?» አልኳት ልጄን። «በእሁድ ማለዳ? ከሽማግሌ ጋር?»

«ሃው ዉድ አይ ኖው?» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። «ሰርፕራይዝ ላደርግሽ ነው።»

እትዬ ተቆጡ። «እኔን በሽማግሌ ቆጠርሽኝ? ይልቅ ፊትሽን ታጠቢ። ታመሽ ለእኔ አለመናገርሽን ከቅዳሴ መልስ እንነጋገርበታለን።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን አላመንኩም። «ምንም የለሽም» ማለትን እኔ ራሴ ለስንቱ ብያለሁ! እልልታውም ቢሆን፣ ሰው ለማጽናናት ምን የማያደርገው አለ? ልጄ ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አደረገች። ፕሪንት አድርጋው ነው የመጣችው።

«ይኸው። አንብቤዋለሁ። ክሊን ነሽ።»

«ማይልኝ።»

«በምን ልማልልሽ? ማም፣ እኔ በአማርኛ መዋሸት አልችልም። እውነቱን ራሱ በመከራ ነው የምናገረው።»

ይህቺ ንግግሯ ልታሳምነኝ ጥቂት ነው የቀራት። ግን ሌሊቱን አደርኩበት፤ ሰኞ ወረቀቱን አራት አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ።

ከምሠራበት ሆቴል በር ላይ ታክሲ የሚያሰልፉ የኛ ሰዎች አሉ። አንዱን ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ መነጽር ያደረጉ፣ መኪናቸው ውስጥ ሆነው ጋዜጣ የሚያነቡ ሰው መረጥኩ። አያውቁኝም፤ አላውቃቸውም። ለእኔ ሊራሩ ምክንያት የላቸውም። ቢሆንም የኛ ሰው ናቸውና፣ የራሴ ወረቀት ነው ብላቸው እሳቸውም ሊደብቁኝ ነው። ስለዚህ ዋሸሁ።

«ጌታዬ፣ እባክዎ ይህን ያንብቡልኝ። የእኔ አይደለም፤ የጎረቤቴ ነው። እንግሊዝኛ ስለማትችል ነው። እሷ የለችም፣ እውነቱን ይንገሩኝ።»

ወረቀቱን ተቀበሉ። መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፉ። እስከ ታች አነበቡ፤ ገለበጡ፤ ተመልሰው ከላይ ጀመሩ። የሆቴሉን በር፣ የሚገባ የሚወጣውን ሻንጣ፣ መሪው ላይ የተንጠለጠለውን መቁጠሪያ ሁሉ ቆጠርኩ።

«ጎረቤትሽ ስንት ዓመቷ ነው?» አሉ።

«ሃምሳ አንድ።»

«ልጅ አላት?»

«አንዲት።»

«እሺ። እንግዲህ ለጎረቤትሽ ንገሪያት። ካንሰር አይደለም። የተወሰደው ናሙና ንጹሕ ነው ይላል። ዝም ብሎ የበቀለ እብጠት ነው። በስድስት ወር ተመልሳ ትታይ፤ ለጥንቃቄ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም።»

«በስድስት ወር?»

«አዎ፤ እዚህ ጋ፣ ተጽፏል። ለምን፣ አልተነገራትም?»

ስድስት ወር። ልጄ ይህን አላለችኝም። ታዲያ አሁን አመንኩ፤ ሊያጽናናኝ የሚዋሽ ሰው ስድስት ወር ብሎ አዲስ ጭንቀት አይጨምርብኝም። እምባዬ ሳላስበው ወረደ።

«ምነው እህቴ?»

«ለጎረቤቴ ደስ ብሎኝ ነው።»

ወረቀቱን አጣጥፈው በመስኮቱ ሰጡኝ፤ ፊቴን አዩት። «ታድላለች ጎረቤትሽ» አሉ። ጋዜጣቸውን አንስተው፣ ሳያዩኝ፣ «እንኳን ደስ ያላት በያት። አንቺም እንኳን ደስ ያለሽ» ብለው ገጹን ገለበጡ።

ዕረፍት ስወጣ ለልጄ ኮል አደረግኩላት።

«ስድስት ወሩን ለምን ደበቅሽኝ?»

«ማም፣ ሁ ቶልድ ዩ?»

«ጎረቤቴ። መዋሸት አልችልም ያልሽውስ?»

«አልዋሸሁም። ስኪፕ አደረግኩት። እስከ ኅዳር እንዳትጨነቂ ነው። በጥቅምት ልነግርሽ ነበር።»

ሳቄ መጣ። ያውም የማላቋርጠው ሳቅ፤ ግድግዳ መደገፍ ነበረብኝ። አሜሪካ ያሳደጋት፣ በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ፣ ማን ሳያስተምራት ነው ይህን የያዘችው? እህቴን ሰማኋት በድምፅዋ ውስጥ። እኔን ራሴን ሰማሁ። መቆጣት ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። ወገቤ ላይ አሥር ቀን የተቀመጠ አንድ ነገር ተነሥቶ ሲሄድ ተሰማኝ፤ ቆሜ ስስቅ እግሬ ቀለለኝ።

«ማም? እየሳቅሽ ነው ወይስ እያለቀስሽ?»

«ሳቅ ነው። በኅዳር ግን አስተርጓሚ በስልክ ይቅረብልኝ እላለሁ። አንቺ ቦርሳዬን ይዘሽ አጠገቤ ትቀመጫለሽ።»

«ፋይን» አለች።

በቀጣዩ ቅዳሜ ከሥራ ልትወስደኝ መጣች። መኪናውን አቁሚው አልኳትና ወደ ዛፉ ወሰድኳት። ፍሬው ሊያልቅ ነው፤ የቀረው ከላይ ነው፤ ቁመቷ ከእኔ ስለሚበልጥ ቅርንጫፉን እሷ ሳበችልኝ። ትንንሾቹ ፍርሃቶቼ እየተመለሱ ነው፣ አልዋሻችሁም። ትናንት ኤሌቬተሩ ጋ አሥር ደቂቃ ሰው ጠበቅኩ። መስኮት ያለው አንድ ፖስታ አሁንም ማቀዝቀዣው አናት ላይ አለ። ድልድዩ ላይ ግን ከዚያ ወዲህ ጨፍኜ አላውቅም፤ ይህቺን ዛፍም አልዞራትም።

አንዷን ፍሬ ቀጥፌ ለልጄ ሰጠኋት። በሁለት ጣቷ ይዛ አየቻት።

«ማም፣ አልታጠበም። የሰው ቢሆንስ? ካሜራ ቢኖርስ?»

«ብዪ» አልኳት። «እኔ ቀምሼዋለሁ።»

በላች። ፊቷን አየሁት፤ መጀመሪያ ምንም፣ ቀጥሎ ጣፋጩ፣ ከዚያ ኮምጠጥ ሲላት አንድ ዓይኗን ጨፈነች። ቅርንጫፉን ሳትለቅ በሌላ እጇ ሁለተኛ ፈለገች።